የውሰት ሰርቪስ፦ ስክሪፕት በሞጁል በተከፋፈለ የጃቫ ሲስተም ውስጥ አገልግሎት የሚያገኘው እንዴት ነው?

አንዲት መስመር ኮድ ናት። ስክሪፕቱ «ይህን ሥራ የሚሠራ ሰርቪስ ስጠኝ» ይላል፣ ሲስተሙ ይሰጠዋል፣ ሥራው ይቀጥላል። ለወራት ያለ እንከን ስትሠራ የቆየች ይህችው መስመር አንድ ቀን አንድ ሞጁል ሲታደስ ወይም ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ገጹም «ነል ፖይንተር» በሚለው ስህተት ይወድቃል። ስክሪፕቱን ከፍቶ ያየ ሰው ግራ ይገባዋል፤ አንድም ፊደል አልተነካማ።

ግራ የሚያጋባው መስመሯን እንደ ተራ የጃቫ ኮድ ማንበብ ነው። በተራው ጃቫ «ኒው» ብሎ ዕቃ የፈጠረ ኮድ የዕቃው ባለቤት ነው፤ እስከፈለገበት ጊዜ ይዞት ይቆያል። እዚህ ግን ስክሪፕቱ የሚረከበው የሌላ ሞጁል ንብረት ነው። የውሰት ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፦ ባለቤቱ ሌላ ነው፣ ተመላሽ ነው፣ ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ሊወስደው ይችላል፣ አንዳንዴም «የለም» ተብሎ መመለስ አለ። ነገሩ በዚህ ዓይን ሲታይ አብዛኛው እንቆቅልሽ ይፈታል።

ለምሳሌ የምንይዘው አፓቺ ስሊንግን ነው። ስክሪፕትና ሰርቪስ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ፍሬምወርክ ስለሆነ አሠራሩ በግልጽ ይታይበታል። የክላሶቹንና የሜተዶቹን ስም እንደ አነባበባቸው ጽፈናል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው።

ስሊንግ በምን ላይ ቆሟል?

ስሊንግ በ2007 በአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር በጀማሪነት ገብቶ በ2009 ራሱን የቻለ ፕሮጀክት የሆነ፣ ዌብሳይት ለመሥራት የሚያገለግል ፍሬምወርክ ነው። ይዘቱ ሁሉ እንደ ፎልደር በተደራረበ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። አድራሻ ሲጠራ ስሊንግ መጀመሪያ የሚፈልገው ፕሮግራም ሳይሆን ይዘት ነው። ይዘቱን ካገኘ በኋላ ዓይነቱን አይቶ የሚያሳየውን ስክሪፕት ይመርጣል። ስክሪፕቱ በጄኤስፒ፣ በኤችቲኤል፣ በግሩቪ ወይም በጃቫስክሪፕት ሊጻፍ ይችላል።

ከሥሩ ያለው መሠረት ኦኤስጂአይ ይባላል። በ1999 ሲጀመር የታሰበው ለቤት ውስጥ የኔትወርክ መሣሪያዎች ነበር፤ መሣሪያውን ሳያጠፉ ፕሮግራም መጨመር፣ መቀነስና ማደስ ያስፈልግ ነበርና። በ2004 የፕሮግራመሮች መሥሪያ የሆነው ኤክሊፕስ በ3.0 ስሪቱ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ሲወጣ አሠራሩ በሰፊው ታወቀ።

በኦኤስጂአይ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ባንድል በሚባሉ ሞጁሎች ይከፋፈላል። ባንድል ማለት ተራ የጃር ፋይል ሆኖ በውስጡ መግለጫ የያዘ ነው። መግለጫው «ከሌሎች የምፈልጋቸው ፓኬጆች (የክላሶች ስብስቦች) እነዚህ ናቸው፣ ለሌሎች የምከፍታቸው ደግሞ እነዚህ» ይላል። ያልተከፈተ ፓኬጅ ለሌላው ባንድል የለም ማለት ነው፤ ክላሱ ዲስክ ላይ ቢኖርም አይታይም። ይህን ልብ ይሏል፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰርቪስ ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ዓለም ሰርቪስ ማለት አንድ ተራ የጃቫ ዕቃ ሲሆን፣ ልዩ የሚያደርገው በጋራ መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻ ነው። የኔትወርክ አገልግሎት አይደለም፤ በአድራሻ አይጠራም፤ ሁሉም ነገር በአንድ የጃቫ ሂደት ውስጥ ነው የሚካሄደው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍሩት ዕቃው ራሱ፣ ዕቃው የሚጠራበት የኢንተርፌስ፣ ማለትም ዕቃው የሚሠራውን የሚዘረዝር ውል፣ ስም (ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል) እና ዕቃውን የሚገልጹ መለያዎች ናቸው። ሲስተሙ ከራሱ የሚጨምረው መለያም አለ፤ ዋናው «ሰርቪስ አይዲ» የሚባለው ተራ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል፣ አንዱ ቁጥር ሁለቴ አይሰጥም።

ምሳሌ እንያዝ። አንድ ባንድል «ደብዳቤላኪ» የሚል ኢንተርፌስ አለው እንበል። (ጃቫ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል፤ ስለዚህ ምሳሌው የተፈጠረ ቢሆንም የሚሠራ ነው።) ኢንተርፌሱን በተግባር የሚፈጽመው ክላስ «ኮምፖነንት» የሚል አኖቴሽን (ኮድ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ይለጠፍበታል። ባንድሉ ሲነሣ የኦኤስጂአይ አስተዳዳሪ ከአኖቴሽኑ የወጣውን መግለጫ አይቶ «ደብዳቤላኪ» በሚለው ስም መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። ባንድሉ ሲቆም ከመዝገቡ ይፋቃል። መዝገቡ ሕያው ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ስሞች ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ጃቫ ራሱ ከ2006ቱ ስድስተኛ ስሪት ጀምሮ «ሰርቪስ ሎደር» የሚባል ቀለል ያለ መፈለጊያ አለው። እሱ ግን ያገኘውን ጭኖ ይሰጣል እንጂ ዕቃው በመሃል ቢነሣ ወይም ቢተካ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስክሪፕቱ ለምን ራሱ መዝገቡን አይከፍትም?

መዝገቡን ለመክፈት «ባንድል ኮንቴክስት» የሚባል መታወቂያ ያስፈልጋል፤ መታወቂያው ደግሞ የሚሰጠው ለባንድል ነው። ማከማቻ ውስጥ የተቀመጠ ስክሪፕት ባንድል አይደለም። ሲነሣና ሲቆም የሚያውቀው አስተዳዳሪ የለውም፤ ጥያቄ ሲመጣ ይሮጣል፣ ሲጨርስ ያበቃል። «ሪፈረንስ» የሚለውን አኖቴሽን ለጥፎ ሰርቪሱ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ማድረግም አይችልም፤ ያ ዕድል የኮምፖነንቶች ነው።

ስለዚህ ስሊንግ አማላጅ ያቆምለታል። ስክሪፕቱ ከመሮጡ በፊት ባይንዲንግስ የሚባል የተለዋዋጮች ስብስብ ይዘጋጃል፤ ሐሳቡ ከጃቫ 6 ጋር ከመጣው የስክሪፕቶች መደበኛ አሠራር፣ ከጄኤስአር 223፣ የተወሰደ ነው። በስብስቡ ውስጥ ሪኩዌስት፣ ሪስፖንስ፣ ሪሶርስ፣ አውት፣ ሎግ የሚባሉት ይገኛሉ። ከእነሱ ጋር «ስሊንግ» የሚል ስም ያለው አንድ ተለዋዋጭ አለ። አማላጁ እሱ ነው። ዓይነቱ «ስሊንግ ስክሪፕት ሄልፐር» ይባላል፤ ሌላ ስክሪፕት የመጥራት ሥራም አለው፣ እኛ የምንፈልገው ግን ሰርቪስ ፍለጋውን ነው።

አጠራሩ ይህን ይመስላል፦

ደብዳቤላኪ ላኪ = ስሊንግ.ጌትሰርቪስ(ደብዳቤላኪ.ክላስ);

በጄኤስፒ ይህ እንዲሠራ በገጹ መጀመሪያ ላይ «ዲፋይን ኦብጀክትስ» የተባለው የስሊንግ ታግ መኖር አለበት፤ ካልኖረ «ስሊንግ» የሚለው ስም አይታወቅምና ገጹ ኮምፓይል አይሆንም። በግሩቪ «.ክላስ» የሚለውን መተው ይቻላል። በሰርቨር በኩል በሚሮጥ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ከክላሱ ሙሉ ስም በፊት «ፓኬጅስ.» የሚል ይቀድማል።

መስመሯ ስትነካ ከኋላ የሚሆነው አጭር ነው። አማላጁ መጀመሪያ የራሱን ትንሽ ማስታወሻ ያያል፤ ያው ኢንተርፌስ ቀድሞ ተጠይቆ ከነበረ ያው ዕቃ ይሰጠዋል። ካልነበረ መዝገቡን በኢንተርፌሱ ስም ይጠይቃል። ከመዝገቡ በቅድሚያ የሚመለሰው ዕቃው ሳይሆን የዕቃው ማጣቀሻ ነው። ማጣቀሻው ካለ ዕቃውን ይዋሳል፣ ማጣቀሻውን በማስታወሻው ይዞ ዕቃውን ለስክሪፕቱ ያቀብላል። ከሌለ ነል፣ ማለትም ባዶ ዋጋ፣ ይመልሳል። ስህተት አይወረውርም፣ ሎግ ላይም የሚጽፈው የለም። ይህ ዝምታ ነው በኋላ ሰውን የሚያደክመው።

አንድ ስም ላይ ብዙ ሰርቪስ ከተመዘገበ ማን ይቀድማል?

«ሰርቪስ ራንኪንግ» የሚባል መለያ አለ። ቁጥሩ የበለጠው ያሸንፋል፤ ያልተጻፈለት እንደ 0 ይቆጠራል። እኩል ከሆኑ ሰርቪስ አይዲው ያነሰው፣ ማለትም ቀድሞ የተመዘገበው ይመረጣል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የቁጥሩ ዓይነት ነው። መለያው የግድ ኢንቲጀር መሆን አለበት። በኮምፖነንት አኖቴሽን ላይ «ሰርቪስ.ራንኪንግ=100» ብሎ ዓይነቱን ሳይገልጹ መጻፍ ቁጥሩን ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ጽሑፍ ደግሞ እንደ 0 ይቆጠራል። ትክክለኛው «ሰርቪስ.ራንኪንግ:ኢንቲጀር=100» ነው። «ሎንግ» የሚለውን ዓይነት መጻፍም አያዋጣም። ማስጠንቀቂያ ሳይኖር የተሳሳተው ሰርቪስ ይመረጥና ሰው ቁጥሩን ወደ 1000 ከፍ እያደረገ ይደክማል።

ሁለተኛው ወጥመድ እኩልነት ነው። ሁለት ሰርቪሶች ያለ ደረጃ ሲመዘገቡ የሚወስነው የመነሣት ቅደም ተከተል ነው፤ እሱ ደግሞ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ሊለያይ ይችላል። በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ እውነተኛው ደብዳቤ ላኪ፣ በሰርቨሩ ላይ የሙከራው ላኪ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ደብዳቤ ሳይደርስ የቀረበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው።

በደረጃ ሳይሆን በመለያ መምረጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለዚያ «ጌትሰርቪስስ» የሚለው የብዙ ቁጥር ሜተድ አለ። ከኢንተርፌሱ ጋር ማጣሪያ ይቀበላል። ማጣሪያው የተጻፈበት ሰዋስው የማውጫዎች መፈለጊያ ከሆነው ከኤልዳፕ የመጣ ነው፤ ምልክቱ ከፊት ይቀድማል፣ እያንዳንዱ ሁኔታ በቅንፍ ይታጠራል፦

(&(መንገድ=ኢሜይል)(!(ሁኔታ=ሙከራ)))

ይህ «መንገዱ ኢሜይል የሆነ፣ ሁኔታው ግን ሙከራ ያልሆነ» ማለት ነው። «ወይም» ለማለት ቋሚ መስመር (|)፣ ማንኛውንም ዋጋ ለማለት ኮከብ (*) ይገባል።

የሚመለሰው ድርድር ነው። የሚስማማ ካልተገኘ ግን ባዶ ድርድር ሳይሆን ነል ይመጣል፤ ሳያረጋግጡ በ«ፎር» መዞር ያንኑ የታወቀ ስህተት ይጠራል። ቅንፍ ከጎደለ ደግሞ ለብቻው የተዘጋጀ ኤክሴፕሽን (የስህተት መልእክት) ይወረወራል፤ ይህኛው ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ይናገራል። ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍን በቀጥታ ወደ ማጣሪያው መሰካት አይገባም። ቅንፍ፣ ኮከብና ወደ ኋላ ያዘነበለ መስመር በማጣሪያው ውስጥ ትርጉም ስላላቸው ከፊታቸው ያው ያዘነበለ መስመር ካልተጨመረ ማጣሪያው ያላሰቡትን ይመርጣል።

ነል የሚመጣው ለምንድን ነው?

ነል ብዙውን ጊዜ «መዝገቡ ላይ በዚህ ሰዓት በዚህ ስም የሰፈረ የለም» ማለት ነው። ለምን እንደሌለ ለማወቅ ከስክሪፕቱ ወጥቶ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ከስሊንግ ጋር የሚመጣው ዌብ ኮንሶል ለዚህ የተመቸ ነው፤ የባንድሎች፣ የኮምፖነንቶችና የሰርቪሶች ገጾች አሉት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ማየት ይሻላል።

በባንድሎች ገጽ ላይ ባንድሉ «አክቲቭ» መሆን አለበት። «ኢንስቶልድ» ላይ ቆሞ ከቀረ የሚፈልገው ፓኬጅ አልተገኘለትም፤ ባንድሉን ሲከፍቱት የጎደለው ፓኬጅ ከነስሪቱ ተጽፎ ይገኛል። «ሪዞልቭድ» ከሆነ ፓኬጆቹ ተሟልተውለታል፣ ግን አልተነሣም።

ባንድሉ ደህና ሆኖ ሰርቪሱ ከሌለ ኮምፖነንቱ ይታይ። «አንሳቲስፋይድ» የሚል ከተጻፈበት ከጎኑ ምክንያት አለ። «ሪፈረንስ» ካለ ኮምፖነንቱ ራሱ የሚጠብቀው ሌላ ሰርቪስ አልመጣም፤ ያኛውም ሌላ እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል ሰንሰለቱን እስከ ጫፍ መከተል ነው። «ኮንፊገሬሽን» ካለ ኮምፖነንቱ ያለ ማስተካከያ ፋይል አልነሣም የሚል ትእዛዝ ተሰጥቶታል፣ ፋይሉ ግን በዚህ ሰርቨር ላይ የለም። በመሞከሪያው ሰርቨር ሠርቶ በዋናው እምቢ የሚል ሰርቪስ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይያዛል።

ኮምፖነንቱ ተሟልቶም ስክሪፕቱ ነል የሚያገኝበት መንገድ አለ፤ በተለየ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ስክሪፕቱ በኢንተርፌሱ ፈንታ የፈጻሚውን ክላስ ስም ጠርቶ ከሆነ አያገኝም፤ የተመዘገበው ኢንተርፌሱ ነውና። ከዚህ የረቀቀ ሌላም አለ። አኖቴሽኑ ላይ የአገልግሎቱ ስም ካልተጻፈ፣ የሚመዘገበው ክላሱ በቀጥታ «ኢምፕሌመንትስ» ብሎ የጻፋቸው ኢንተርፌሶች ብቻ ናቸው። ከወላጅ ክላስ የወረሰው አይቆጠርም። «የኢሜይልላኪ» ክላስ «መሠረታዊላኪ»ን ቢወርስና «ደብዳቤላኪ»ን የፈጸመው ያ ወላጅ ብቻ ቢሆን፣ ለጃቫ ዝምድናው ሙሉ ነው፤ በመዝገቡ ግን ምንም ሰርቪስ አይሰፍርም። መፍትሔው በአኖቴሽኑ ላይ «ሰርቪስ=ደብዳቤላኪ.ክላስ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው።

ነል ሳይሆን ሌላ ስህተት ቢመጣስ?

ስክሪፕቱ ክላሱን ጨርሶ ካላገኘው፣ ማለትም ከጥሪው በፊት «ክላስ አልተገኘም» ከተባለ፣ ኢንተርፌሱ ያለበት ፓኬጅ አልተከፈተም። ስሊንግ ለስክሪፕቶች ልዩ ክላስ ጫኝ አለው፤ ባንድሎች የከፈቱትን ፓኬጅ ሁሉ ያያል፣ ያልከፈቱትን ግን እሱም አያይም። ኢንተርፌሱን ለብቻው ፓኬጅ ውስጥ አድርጎ ያንን ብቻ መክፈት፣ ፈጻሚውን ክላስ መዝጋት የተለመደው አሠራር ነው።

ከሁሉም አስገራሚው «ደብዳቤላኪ ወደ ደብዳቤላኪ ሊቀየር አይችልም» የሚለው ነው። ቀልድ ይመስላል። በጃቫ የአንድ ክላስ ማንነት ስሙ ብቻ አይደለም፤ ስሙና የጫነው ክላስ ጫኝ አንድ ላይ ናቸው። ሁለት ባንድሎች ያንኑ ኢንተርፌስ በሆዳቸው ይዘው ሁለቱም ቢከፍቱት በሲስተሙ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ደብዳቤላኪዎች ይኖራሉ። በመደበኛው አሠራር መዝገቡ ይህን ያጣራል፤ ጠያቂው ባንድል ከሚያውቀው ፓኬጅ ጋር የማይገጥመውን ሰርቪስ አያሳየውም። ለስክሪፕት ሲሆን ግን ጠያቂው አማላጁ ያለበት ባንድል ነው፣ እሱ ደግሞ ደብዳቤላኪ ካለበት ፓኬጅ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስለዚህ ማጣሪያው ያልፋል፣ ግጭቱ የሚፈነዳው ስክሪፕቱ ውስጥ ይሆናል። ኢንተርፌሱን በአንድ ባንድል ብቻ ማኖር፣ ሌሎቹ ከዚያ እንዲያስመጡት ማድረግ ያድናል።

ውሰቱ የሚመለሰው መቼ ነው?

መዝገቡ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ማን ስንት ጊዜ እንደተዋሰው ይቆጥራል። ባንድል ሲዋስ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሲመልስ ይቀንሳል። ስክሪፕት ጻፊው የመመለሱ ጣጣ የለበትም፤ እንደ ስሊንግ ስሪቱ፣ ሩጫው ሲያበቃ ወይም ሰርቪሱ ከመዝገቡ ሲወጣ፣ አማላጁ ራሱ ይመልሰዋል። አንዱ ስክሪፕት ሌላውን ቢጠራ ለተጠራው የራሱ አማላጅ ይሰጠዋል።

ከዚህ የሚከተለው ክልከላ ግልጽ ነው። ያገኙትን ሰርቪስ ከሩጫው በኋላ እንዲቆይ ማስቀመጥ፣ ማለትም በስታቲክ ተለዋዋጭ፣ በሴሽን ውስጥ ወይም በጄኤስፒ የማወጃ ክፍል መያዝ፣ የመለሱትን ዕቃ መገልገል ነው። ባንድሉ ሲታደስ መዝገቡ ላይ አዲስ ዕቃ ይሰፍራል፤ ስክሪፕቱ ግን አሮጌውን እንደያዘ ይቀራል። አሮጌው ዕቃ ከሜሞሪ ካለመውጣቱም በላይ የአሮጌውን ባንድል ክላሶች በሙሉ ይዞ ይቆያል። ማደስ በተደጋገመ ቁጥር ሜሞሪው የሚሞላው በዚህ ነው። እንደገና መጠየቅ ርካሽ ነው፤ በዚያው ሩጫ ውስጥ ሁለተኛው ጥያቄ ወደ መዝገቡ እንኳ አይደርስም።

ብዙ ሰው የማያውቀው የመመለስ ውጤት ሌላ አለ። ሰርቪስ የሚሰጥ ኮምፖነንት በተለምዶ «ሰነፍ» ነው፤ ስሙ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል እንጂ ዕቃው የሚፈጠረው የመጀመሪያው ተዋሽ ሲመጣ ነው። የመጨረሻው ተዋሽ ሲመልስ ደግሞ ፌሊክስ የተባለው የኦኤስጂአይ ፈጻሚ ዕቃውን ያፈርሰዋል። ሰርቪሱን የሚጠቀሙት ስክሪፕቶች ብቻ ከሆኑና አማላጁ ሩጫው ሲያበቃ የሚመልስ ከሆነ፣ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ዕቃው ይፈጠራል፣ ገጹ ሲያልቅ ይፈርሳል። «አክቲቬት» የሚለው ሜተድ ፋይል የሚያነብ ወይም ግንኙነት የሚከፍት ከሆነ ገጹ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይዘገያል፤ በዕቃው ውስጥ የተጠራቀመ ካሽም (ለፍጥነት የተያዘ ውጤት) ገጽ በተዘጋ ቁጥር ይጠፋል። በአኖቴሽኑ ላይ «ኢሚዲየት=ትሩ» ሲባል ኮምፖነንቱ ቀድሞ ተፈጥሮ ይቆያል። ለሁሉም ኮምፖነንት ይህን መለጠፍ ግን ሰርቨሩ ሲነሣ ያዘገየዋል፤ ለሚያስፈልገው ብቻ ይሁን።

ያው ዕቃ በአንድ ጊዜ ለብዙ ገጾች ስለሚሰጥ የአንድን ተጠቃሚ መረጃ በዕቃው የራሱ ተለዋዋጭ ውስጥ ማስቀመጥ የአንዱን ስም ለሌላው ያሳያል።

በስክሪፕት በኩል የመጣ ሰርቪስ የማን ፈቃድ አለው?

አንዳንድ ሰርቪስ የሚሠራው ማን እንደተዋሰው እያየ ነው። ዋናው ምሳሌ «ሪሶርስ ሪዞልቨር ፋክተሪ» ነው፤ ወደ ይዘቱ ማከማቻ መግቢያ የሚከፍተው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ተዋሽ ባንድል የየራሱን ዕቃ ይሰጣል፤ «የሰርቪስ ተጠቃሚ» መግቢያ ሲጠየቅ ደግሞ የባንድሉን ስም አይቶ በማስተካከያው ላይ ከተፈቀደለት ተጠቃሚ ጋር ያገናኛል።

በማከማቻው ያለ ስክሪፕት በአማላጁ በኩል ሲጠይቅ መዝገቡ የሚያየው ተዋሽ የስክሪፕቶች ዋና ባንድል ነው፤ የእርስዎ ባንድል አይደለም። ስለዚህ ለራስዎ ባንድል በጥንቃቄ የጻፉት ፈቃድ ለስክሪፕቱ አይሠራም፤ «ሎግኢን ኤክሴፕሽን» ይመጣል። ብልሃት መስሎት ፈቃዱን ለዚያ ዋና ባንድል የሚጽፍ አለ፤ ይህ ማከማቻው ውስጥ ላለ ስክሪፕት ሁሉ ቁልፉን ማደል ነው። ልዩ ፈቃድ የሚፈልገው ሥራ በባንድሉ ውስጥ ባለ ሰርቪስ ይሠራና ስክሪፕቱ ውጤቱን ብቻ ይጠይቅ። ገጹን የከፈተው ተጠቃሚ ሊያየው የሚችለውን ለማንበብ ከሆነ ደግሞ ከሪኩዌስቱ ጋር የመጣው ሪዞልቨር (ወደ ማከማቻው የሚያስገባው ዕቃ) ይበቃል።

ስክሪፕቱ ጨርሶ ባይጠይቅስ?

ኤችቲኤል የተቀረጸው በዚህ ሐሳብ ነው። በገጹ ውስጥ ጃቫ አይጻፍም፤ ገጹ አንድ ሞዴል ይጠራል፣ ሰርቪሱን የሚያገኘው ሞዴሉ ነው። ስሊንግ ሞዴል የሚባለው ይህ ክላስ በባንድል ውስጥ ስለሚኖር፣ «ኦኤስጂአይ ሰርቪስ» የሚል አኖቴሽን በተለዋዋጩ ላይ ሲለጠፍ ስሊንግ ራሱ ፈልጎ ይሞላዋል። ማጣሪያም በአኖቴሽኑ ላይ መጻፍ ይቻላል። ሞዴሉ ያለ ሙሉ ሰርቨር ሊፈተሽ ይችላል፤ በፍተሻው ወቅት እውነተኛውን ላኪ በሐሰተኛ መተካት ቀላል ነው።

ብዙ ስክሪፕቶች ያንኑ ሰርቪስ የሚፈልጉ ከሆነ ወደ ባይንዲንግሱ ስብስብ መጨመርም ይቻላል። «ባይንዲንግስ ቫልዩስ ፕሮቫይደር» የሚባለውን ኢንተርፌስ የሚፈጽም ኮምፖነንት ይጻፋል፣ ለየትኛው የስክሪፕት ቋንቋ እንደሆነ በመለያ ይገለጻል፤ ከዚያ በኋላ «ላኪ» የሚለው ስም እንደ ሪኩዌስትና እንደ ሎግ ሁሉ በእያንዳንዱ ስክሪፕት ውስጥ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። ይህ ኮምፖነንት እያንዳንዱ ስክሪፕት በሮጠ ቁጥር ስለሚጠራ ከባድ ሥራ አይሰጠው። አንድ ገጽ በውስጡ ሠላሳ ትንንሽ ስክሪፕቶች ቢጠራ ሠላሳ ጊዜ መጠራቱ ነው።

ሰርቪሱ በሌለበት ሰዓት ግን በሁለቱ አጠራሮች መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። በ«ጌትሰርቪስ» የመጣ ነል በዝምታ ያልፍና ከአሥር መስመር በኋላ፣ ዕቃው በተጠራበት ቦታ ይፈነዳል። ሞዴሉ ግን የግድ የሚፈልገው ሰርቪስ ከሌለ ጨርሶ አይፈጠርም፤ የትኛው ተለዋዋጭ እንዳልተሞላም ስሙን ጠርቶ ሎግ ላይ ይጽፋል።